ጭሱ ወደ ብሎኬት፦ የፋብሪካ ካርቦንና የአዲስ አበባ ግንባታ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጀሞ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሲሚንቶ ሰፈር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ የከተማዋን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለትና ጀሞ ሦስት በሚባሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ሞልቶታል። ኮለኑ፣ ሶሌታው፣ ደረጃው፣ የግድግዳው ብሎኬትና ልስኑ የቆሙት በአንድ ማጣበቂያ ነው። የዚህ ማጣበቂያ አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ይመዝናል። ኦፒሲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ያ ከረጢት እስኪመረት ድረስ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በፋብሪካው ጭስ ማውጫ ወጥቷል። አየሩ ሳሳ በሚልበት በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ጋዝ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነን ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ለመሙላት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል።

ይህን ጋዝ ዝም ብሎ ከመልቀቅ ይልቅ ይዞ ወደ ዕቃ መለወጥ ይቻላል የሚለው ሐሳብ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የንግድ ሥራ ሆኗል። ከጋዙ ነዳጅ የሚሠሩ፣ ፕላስቲክ የሚሠሩ፣ ድንጋይ የሚሠሩ ኩባንያዎች አሉ። ሁሉም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የሚጠይቁት ኃይል፣ የሚያስፈልጋቸው ገበያና ካርቦኑን አስረው የሚያቆዩበት ዘመን በጣም ይለያያል። ለኢትዮጵያ፣ በተለይም ለአዲስ አበባ፣ የትኛው መንገድ ያዋጣል የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ልዩነት ነው። በዚህ ሐተታ እይታ መልሱ ከነዳጁም ከፕላስቲኩም ይልቅ ወደ ብሎኬት ማምረቻው ያመራል።

የሲሚንቶ ጭስ ከሌላው የፋብሪካ ጭስ የሚለይበት ነገር አለ። አንድ መቶ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በእቶን ሲጋገር 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ይህ የሚወጣው ከራሱ ከድንጋዩ ነው፤ ከማገዶው አይደለም። ስለዚህ እቶኑ ነገ በከሰል ድንጋይ ፈንታ በሕዳሴ ግድብ ኤሌክትሪክ ቢሞቅ እንኳ ይህኛው ጋዝ አይቀርም። አንድ ቶን ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር መሰል ምርት፣ ከድንጋዩ ብቻ ወደ 520 ኪሎ ጋዝ ያወጣል። ማገዶው ሲጨመርበት ድምሩ እንደ እቶኑ ቅልጥፍና 850 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል።

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የተተከለውና መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 10 ሺህ ቶን ክሊንከር እንዲያመርት የተሠራ ነው። በሙሉ አቅሙ በሠራበት ቀን ከ8 ሺህ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው በዓመት 2 ሚሊዮን ተኩል ቶን ሲሚንቶ የማምረት አቅም ያላቸው ደርባና የሙገሩ ዳንጎቴ፣ እንዲሁም የመንግሥቱ ሙገር፣ መሰቦ፣ ሐበሻና ሌሎቹም አሉ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው የአየር ንብረት ለውጥ የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከኢንዱስትሪው ዘርፍ ሲሚንቶን ነጥሎ ያነሳው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የካርቦን አመድ ነው። ነዶ ያበቃ ነገር ስለሆነ መልሶ እንዲነድ ለማድረግ፣ ማለትም ወደ ነዳጅ ለመቀየር፣ ሲነድ ከሰጠው የበለጠ ኃይል መመለስ ያስፈልጋል። ሜታኖል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው በጆርጅ ኦላ የተሰየመው ፋብሪካ፣ ከእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚወጣን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኤሌክትሪክ ከውኃ ከተለየ ሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ ሜታኖል ይሠራ ነበር። ኬሚስትሪው ያለ ችግር ይሠራል፤ የሚከብደው የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ነው። አንድ ቶን ሜታኖል 190 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጅን ይፈልጋል፤ ያንን ሃይድሮጅን ከውኃ ለመለየት ብቻ ወደ 10 ሜጋ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠፋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው ኃይሉ አለ ብሎ መከራከር ይቻላል። ገና መብራት ያልገባለት ሕዝብ በሚሊዮኖች በሚቆጠርበት አገር ግን ያን ኃይል ለዚህ ማዋል ቅንጦት ነው። ሜታኖሉም ቢሆን በመኪና ሞተር ውስጥ ሲነድ ጋዙ ተመልሶ አየር ውስጥ ይገባል።

ዩሪያም ከዚህ ወገን ነው። የዩሪያ ማዳበሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ አንድ ቶን ዩሪያ 730 ኪሎ ያህል ጋዝ ይውጣል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴው ፋብሪካ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደ ነው። ከካሉብና ከሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ አሞኒያ ሲሠራ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ዩሪያ ይሆናል። ማዳበሪያው ማሳ ላይ ተበትኖ እርጥበት ሲያገኝ ግን ይህ ካርቦን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይለቀቃል። ስንዴውንና ጤፉን ይረዳል እንጂ ካርቦኑን አስሮ አያስቀምጥም። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚገባው ጋዝማ ጠርሙሱ እስኪከፈት ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው።

ወደ ድንጋይ የሚወስደው መንገድ ከእነዚህ በተቃራኒ ቁልቁለት ነው። ኖራ ወይም የሲሚንቶ ካልሲየም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ኃይል አይጠይቅም፤ እንዲያውም ሙቀት ይለቃል። የሚፈጠረው ካልሳይት፣ ማለትም መጀመሪያ ከተራራው የተፈለጠው የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን ነው። የኢትዮጵያ ግንበኞች ይህን ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የጎንደር አብያተ መንግሥታት ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው፤ የተጋገረ ኖራ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮቹ መካከል ከገባ በኋላ የሚጠነክረው እቶን ውስጥ ያጣውን ጋዝ ከአየር ቀስ እያለ መልሶ በመውሰድ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ግንብ ከ1600ዎቹ አየር የወሰደውን ካርቦን ይዞ ዛሬም ቆሟል።

ሲሚንቶም ይህንኑ ያደርጋል፤ እጅግ በዝግታ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔቸር ጂኦሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1930 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በመላው ዓለም ሲሚንቶ ሲመረት ከድንጋዩ ከወጣው ጋዝ 43 በመቶ ያህሉን ቀስ በቀስ መልሰው የወሰዱት ራሳቸው የሲሚንቶ ምርቶቹ ናቸው። ከሁሉ ፈጥኖ የሚወስደው ስስ የሆነው ልስን ነው። በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ግድግዳ ላይ ይህ ሥራ ያለማንም ጎትጓች በየቀኑ እየተካሄደ ነው። የካርቦን ማዕድን ቴክኖሎጂ የሚባለው በአሥርት ዓመታት የሚፈጸመውን ይህን ሒደት ወደ ሰዓታት ማሳጠር ነው።

ብሎኬት ለዚህ ከሁሉም የግንባታ ዕቃ ይበልጥ ይመቻል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ማምረቻዎች የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ፑሚስ ወይም ሬድ አሽ የሚባል የእሳተ ገሞራ ጠጠር በጥቂት ውኃ ተደባልቆ በሚንቀጠቀጥ ማሽን ፎርማ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ መሬት ላይ ይደረደራል፣ ከዚያ ለቀናት ውኃ እየተርከፈከፈበት ይጠነክራል። በካርቦን ሲሠራ ፎርማውና ማሽኑ አይለወጡም። ከማሽን የወጣው ብሎኬት ለጥቂት ሰዓታት ጠፈፍ ይልና አየር በማያስገባ ክፍል ውስጥ ገብቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቅበታል። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በእርጥበቱ ነው። ብሎኬቱ በጣም ከረጠበ ቀዳዳዎቹ በውኃ ስለሚዘጉ ጋዙ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ከደረቀ ደግሞ ጋዙ የሚሟሟበት ውኃ ስለሚጠፋ ምንም አይፈጠርም። ልኩ በመካከል ነው። ከተገኘ በ24 ሰዓት ውስጥ በርካታ ቀናት ውኃ ከጠጣ ብሎኬት ጋር የሚወዳደር ጥንካሬ ሊገኝ ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሚቀረው ውኃ ብቻውን ቀላል ጥቅም አይደለም።

ጋዙ ምን ያህል እንደዘለቀ በዓይን ማየት ይቻላል። ብሎኬቱ ለሁለት ይሰበርና በአዲሱ ስብራት ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለ ውህድ ይረጫል። ኖራው ያልተነካበት መሐል ወዲያው ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ ጋዙ የደረሰበት ጠርዝ ግን ግራጫ መልኩን አይለቅም። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በማስመሪያ የሚለካ ነው። ሌላው መለኪያ ሚዛን ሲሆን፣ ብሎኬቱ ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ይመዘናል፤ በሥራው ሙቀት የተነነው ውኃ ታስቦ የጨመረው ክብደት የታሰረው ጋዝ ነው።

ለምን ብሎኬት ሆነ፣ ለምን ኮለንና ሶሌታ አልሆነም የሚለው ጥያቄም መልሱ በዚያው ሮዝ ቀለም ውስጥ አለ። ቀለሙ የሚያሳየው ኮንክሪቱ ኖራማ ባሕርዩን አለመልቀቁን ነው፤ ፌሮ ብረትን ከዝገት የሚጠብቀው ደግሞ ይህ ባሕርይ ነው። ካርቦን እስከ ብረቱ ድረስ ከዘለቀ ጥበቃው ይነሳል፣ ዝገቱ ይጀምራል፣ ያበጠው ብረት ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ብረት የሌለበት ብሎኬት፣ የእግረኛ መንገድ ንጣፍና የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ይህ ስጋት የለባቸውም። በካናዳ የተመሠረተው ካርቦንኪዩር የተባለ ኩባንያ ለፌሮ ኮንክሪትም ጋዝ ይጨምራል፤ ነገር ግን የሚጨምረው ኮንክሪቱ ገና ሲቦካ ስለሆነና መጠኑም እጅግ ጥቂት ስለሆነ ኖራማነቱን አያጠፋውም። ዋናው ጥቅሙም በታሰረው ጋዝ ሳይሆን በሚቀነሰው አምስት በመቶ ገደማ ሲሚንቶ ነው።

የኢትዮጵያ ሲሚንቶ ለዚህ ቴክኖሎጂ አንድ የራሱ የሆነ ጥያቄ ያቀርብለታል። ለግንብና ለልስን የሚውለው ፒፒሲ ከክሊንከር ጋር የተፈጨ ፑሚስ አለበት። ፑሚሱ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የተወው በረከት ሲሆን፣ መጋገር ስለማያሻው ጋዝ የማያወጣ፣ በከረጢቱ ውስጥ የክሊንከርን ቦታ እስከ ሲሶ የሚተካ ነው። ስለዚህ አንድ የፒፒሲ ከረጢት ከኦፒሲው 10 ኪሎ ያህል ያነሰ ጋዝ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ፑሚስ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከሩ ውኃ ሲያገኝ ከሚለቀው ኖራ ጋር እየተዋሃደ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድም የሚፈልገው ያንኑ ኖራ ነው። ለአንድ ኖራ ሁለት ፈላጊ መጣ ማለት ነው። ጋዙ በመጀመሪያው ቀን ኖራውን ከጨረሰው ብሎኬቱ ቶሎ ይጠነክርና ፑሚሱ በኋለኞቹ ሳምንታት ሊጨምርለት የነበረው ጥንካሬ ይጎድልበታል። ስለዚህ በካናዳና በአሜሪካ ሲሚንቶ ላይ የተገኘ የሙከራ ውጤት እንዳለ ተገልብጦ አይመጣም። መጠኑ በአገሩ ፒፒሲና በአገሩ ፑሚስ መለካት አለበት። በሌላ በኩል ፑሚስና ሬድ አሽ እንደ ጠጠር የገቡበት ብሎኬት ቀዳዳው ብዙ በመሆኑ ጋዙ በቀላሉ ይዘልቀዋል።

የጋዝ ምንጭ ሲፈለግ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ ነው። ሙገርም ደርባም ለሚም ግን ብሎኬት ከሚሠራበት ከተማ ርቀው የተተከሉ ናቸው፤ ጭሳቸውም ሩብ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲኖረው የቀረው ናይትሮጅን፣ እንፋሎትና ብናኝ ነው። ማጣራቱ ገንዘብ ይበላል። ንጹሑ ጋዝ ያለው እርሾ ባለበት ቦታ ነው። ጠላ ሲጠነሰስ ከጋኑ አፍ የሚንተከተከው አረፋ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በፋብሪካ ደረጃም ነገሩ ያው ነው። ስኳር በእርሾ ሲፈላ ለእያንዳንዱ ሊትር ንጹሕ አልኮል ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ጋዝ ይወጣል። ከጀሞ ብዙ የማይርቀው መካኒሳ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ቅርንጫፍ ያለበት ነው፤ በጅማ መንገድ ወረድ ሲባል ደግሞ ሰበታ ላይ የሜታ ቢራ ፋብሪካ አለ። ዘመናዊ ቢራ ፋብሪካዎች ከጥንስሱ የሚወጣውን ጋዝ ሰብስበው ለራሳቸው ቢራ ይጠቀሙበታል፤ ከዚያ የሚተርፈው ለለስላሳ መጠጥ አምራች ይሸጣል ወይም ይለቀቃል። ይህ ካርቦን ገብሱና ሸንኮራ አገዳው ከአየር የወሰዱት ስለሆነ ድንጋይ ሆኖ ከታሰረ ከአየር ላይ እንደተቀነሰ ይቆጠራል። ከከሰል ድንጋይ የመጣ ካርቦን ቢታሰር ግን የሚባለው «አልተጨመረም» ብቻ ነው። በስዊዘርላንድ ኒውስታርክ የተባለው ኩባንያ ከባዮጋዝ ማምረቻ የሚያገኘውን ጋዝ ከፈረሱ ሕንፃዎች በተፈጨ ኮንክሪት ላይ በመልቀቅ የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው።

ልኩን ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። በአንድ ብሎኬት ውስጥ 1 ኪሎ ተኩል ሲሚንቶ ገባ ቢባል፣ ጥሩ አሠራር የዚያን ሲሚንቶ ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ጋዝ ያስገባል፤ ይኸውም ከ150 እስከ 300 ግራም ነው። ያው ሲሚንቶ ፒፒሲ ከሆነ ሲመረት ያወጣው ጋዝ ደግሞ 900 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ብሎኬቱ የሚመልሰው ከዕዳው ከስድስት አንድ እስከ ሦስት አንድ የሚሆነውን እንጂ ሁሉንም አይደለም። በቀን 10 ሺህ ሊትር አልኮል የሚያወጣ አንድ የአረቄ ፋብሪካ 7 ሺህ 500 ኪሎ ጋዝ ይኖረዋል፤ እሱን ለመጨረስ በቀን ቢያንስ 25 ሺህ ብሎኬት ያስፈልጋል። በአንድ ክፍለ ከተማ ዙሪያ ያሉ አምራቾች ተባብረው የሚደርሱበት ቁጥር ነው። የለሚን የአንድ ቀን ጭስ በዚህ መንገድ ለማሰር ግን በየቀኑ ከ26 ሚሊዮን በላይ ብሎኬት መሠራት ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ከተማ በምድር ላይ የለም። ብሎኬቱ የአረቄውን ጋዝ ይችላል፤ የሲሚንቶውን አይችልም።

የሲሚንቶው ዕዳ የሚቀንሰው በሌላ መንገድ ነው፤ ክሊንከሩን በማሳነስና ማገዶውን በመለወጥ። በፑሚስ በኩል ኢትዮጵያ ብዙ አገሮች የሚመኙትን ሀብት በእጇ ይዛለች። ማገዶውን በተመለከተ የቡና ገለባ፣ የሰሊጥ አገዳና አፋርን የወረረው የፕሮሶፒስ ዛፍ በእቶን ውስጥ የከሰል ድንጋይን ቦታ እንዲይዙ ሲሞከር ቆይቷል። ፕሮሶፒስን በዚህ ሥራ ማዋል የግጦሽ መሬትን ነፃ በማውጣቱ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ ችግሩ ዛፉን ከአፋር በረሃ ቆርጦ እስከ እቶኑ የማድረሱ ወጪ ነው።

ከመካኒሳው አረቄ ፋብሪካ ቀጥሎ የሚነሳው ሁለተኛው የጀሞ ጎረቤት ግን ከሁሉም ይከብዳል። ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ቆሼ በተባለው የቆሻሻ መጣያ ያለው፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው የረጲ ኃይል ማመንጫ የተመረቀው ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ118 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው ማመንጫ በቀን 1 ሺህ 400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ ነበር፤ ከሚቀረው አመድ ጡብ ይሠራል የሚል ተስፋም አብሮ ተሰጥቶ ነበር። ከእንዲህ ዓይነት ማመንጫ ሁለት ዓይነት አመድ ይወጣል። ከታች የሚሰበሰበው ሸካራ አመድ ብርጭቆ፣ ሸክላና ብረት የተቀላቀለበት ሲሆን ብረቱ ተለይቶ ለመንገድ ሙሌትና ለብሎኬት ጠጠር ሊውል ይችላል። ከጭስ ማጣሪያው የሚሰበሰበው ደቃቅ ዱቄት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የአሲድ ጋዞችን ለማክሸፍ የተረጨ ኖራ፣ እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችና ክሎራይድ አሉበት። በአብዛኛው ዓለም የሚቀበረው እንደ አደገኛ ቆሻሻ ተቆጥሮ ነው።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ቀድሞ ካርቦን8 አግሪጌትስ፣ ኋላ ኦሲኦ ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሳፎክ ይህንኑ የማጣሪያ ዱቄት በካርቦን ዳይኦክሳይድ እያጠነከረ ጠጠር ያደርገዋል፤ ጠጠሩም ብሎኬት ውስጥ ይገባል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ኖራ ጋዙን ሲውጥ ድንጋይ ይሆናል፤ አብዛኞቹ ከባድ ብረቶችም በዚያው ይታሰራሉ። የረጲ ቦይለሮች የሚያወጡት ጭስ ራሱ አንድ አሥረኛ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይኖረዋል፤ ኖራ ጋዝ ለመውሰድ ንጹሕ ምንጭ አይጠብቅምና ዱቄቱም ጋዙም ከአንድ ግቢ ሊገኙ ይችላሉ። ሆኖም ይህ በጥንቃቄ የሚሠራ እንጂ በጥቃቅን ማኅበር ደረጃ የሚሞከር አይደለም። ከእያንዳንዱ ዙር ናሙና ተወስዶ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ምን እንደሚያፈስ መታየት አለበት። ክሎራይዱ ብረት ስለሚያዝግም ፌሮ ባለበት ቦታ አይገባም። በቆሼ ሥር የሚኖር ሰው ላይ የደረሰው ጉዳት በብሎኬት መልክ ወደ መኝታ ቤት እንዲገባ የሚፈቅድ ባለሙያ ሊኖር አይገባም።

ካርቦንን በግድግዳ ውስጥ ማስቀመጥ ለኮንዶሚኒየም ግንባታ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሌላ ስም ተሠርቶበታል። አግሮስቶን የተባለው የክፍል መለያ ሰሌዳ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ባጋስ፣ ከፑሚስ፣ ከፋይበር ግላስና ከማግኒዥየም ማጣበቂያ የተሠራ ነው። የስኳር ፋብሪካዎች ባጋስን በቦይለር ያነዱታል፤ የሚተርፈው ግን ተከምሮ ይቃጠላል ወይም ይበሰብሳል። አንድ ኪሎ የደረቀ ባጋስ ቢቃጠል 1 ኪሎ ከ700 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ሰሌዳ ሆኖ ግድግዳ ውስጥ ሲቆም ይህ ይቀራል። እስከዚህ ሒሳቡ ያማረ ነው። ማጣበቂያው ግን የራሱ ዕዳ አለበት፦ ማግኒዥየም ኦክሳይድ የሚገኘው ማግኔዛይት በእቶን ሲጋገር ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1 ኪሎ ከ100 ግራም ጋዝ ከድንጋዩ ይወጣል። ማግኒዥየም ኦክሳይድ ከክሎራይድ ጋር ሲቦካ የሚፈጠረው ማጣበቂያ ደግሞ እርጥበት አይችልም፤ መታጠቢያ ቤት አጠገብ ያላብና ጥንካሬውን ያጣል። አግሮስቶን በነዋሪው ዘንድ ያተረፈው ስም ጥሩ ያልሆነው በአብዛኛው ካለቦታው በመግባቱ ነው። በደረቅ ክፍል መካከል ለሚቆም ቀላል ግድግዳ የሚመች ዕቃ ነበር።

የብረታ ብረት ፋብሪካ ትርፍም በዚህ መዝገብ ይነሳል። ሞንትሪያል ያለው ካርቢክሪት ያለ አንዳች ሲሚንቶ፣ ከብረት ማቅለጫ በሚወጣ ስላግና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ብሎኬት ይሠራል። ይህ የሚሆነው ግን ስላጉ ኖራ በብዛት ሲኖረው ነው። ቁርጥራጭ ብረትን በኢንዳክሽን እቶን የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ስላግ በአብዛኛው አሸዋማ ስለሆነ ጋዝ የመውሰድ አቅሙ ትንሽ ነው። ከአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ጀርባ ያለውን ክምር አይቶ ተስፋ ከማድረግ በፊት የኖራውን መጠን ማስመርመር ይቀድማል።

ጋዙን ማጓጓዝ ሌላው ወጪ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር ሲጫን ብረቱ ከጋዙ ይበልጥ ይመዝናል። 900 ኪሎ ጋዝ ከሙገር አካባቢ ይዞ ጀሞ ደርሶ የሚመለስ አይሱዙ በደርሶ መልሱ 50 ሊትር ናፍጣ ቢያቃጥል 134 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከጫነው 15 በመቶ መንገድ ላይ ቀለጠ ማለት ነው። ከመካኒሳ ቢመጣ ግን ኪሳራው ጥቂት ኪሎ ነው። ጋዙን ለማጠንፈፍና ለማመቅ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ፣ በከሰል ድንጋይ ከሚንቀሳቀሱ አገሮች ይልቅ ሒሳቡ እዚህ ይቀላል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በዝግ ክፍል ወለል ላይ ተኝቶ ሠራተኛ ሊገድል እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። የጋዝ መለኪያ መሣሪያና አየር ማስወጫ የሌለው የማጠንከሪያ ክፍል መፈቀድ የለበትም።

የቀረው የደረጃና የመዝገብ ጉዳይ ነው። የኮንክሪት ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ በካርቦን የተሠራ ብሎኬት ግን በማግስቱ ለገበያ የሚቀርብ ስለሆነ በማግስቱም፣ ፑሚሱ ምን እንደሆነ ለማወቅ በ28ኛውም ቀን መለካት ይኖርበታል። ለዚህ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የተለየ የሙከራ ሥርዓት ማውጣት ይጠበቅበታል። የታሰረው ካርቦን ወደፊት በገንዘብ የሚሸጥ ከሆነም ባለቤቱ ከወዲሁ መታወቅ አለበት። አረቄ ፋብሪካው ጋዙን «አልለቀቅሁም» ብሎ፣ ብሎኬት አምራቹም «አስሬዋለሁ» ብሎ ሁለቱም ከሸጡት አንዱ ኪሎ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። የሽያጭ ውሉ ላይ ከጋዙ ዋጋ ጎን ይህ መብት ለማን እንደሚተላለፍ በአንድ አንቀጽ መጻፍ አለበት፤ በማምረቻው በኩልም ከእያንዳንዱ ዙር በፊትና በኋላ የተመዘነው ክብደት በመዝገብ ይያዛል።